ደመናው ደንገጎ ላይ፣ ጎርፉ ድሬዳዋ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ከድሬዳዋና ከሐረር የሚደርሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ጎርፍ፣ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ እሳት ናቸው። ብዙ አንባቢ የሚጋራቸውን መርጠን በዚህ እትም መልሰናል። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ነገሩ ስለሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ክረምት ከቀበሌ መጥተው «ጎርፍ ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ» ሲሉን ሰማዩ ላይ ኮከብ ይታይ ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ስቆ ተኛ። ዝናብ በሌለበት ጎርፍ ከየት ይመጣል? ከመጣስ ስንት ደቂቃ አለን?
*ከደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ደቻቱን የሚሞላው በዋናነት ከተማው ላይ የሚዘንበው ዝናብ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ደግሞ 2,000 ሜትርን ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር፣ መሬቱም ቁልቁል ነው። ተራራው ላይ የወረደ ከባድ ዝናብ አፈር ውስጥ ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ገደል ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ የየሸለቆው ውሃ ተገናኝቶ አንድ ላይ ይደርሳል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ አንድ ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን ነው። ውሃውን ወደ ደቻቱ የሚያፈሰው ተራራ ደግሞ እንዲህ ያለ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር አለው። ስለዚህ ከራስዎ በላይ ኮከብ መታየቱ ስለ ወንዙ ምንም አይነግርዎትም። መታየት ያለበት የደቡቡ ሰማይ ነው። በደንገጎ በኩል መብረቅ ደጋግሞ ካብለጨለጨ፣ ወይም ከላይ ያለ ዘመድ ደውሎ «እዚህ ዶፍ እየወረደ ነው» ካለ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ደርሶዎታል።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው የገደለው ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በበልግ ዝናብ የመጣ ጎርፍ በከተማው ሰው ገድሏል። ጥንቃቄው የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት ይጀምራል።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ። አንድ ታዛቢ ከሰፈራችሁ 15 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ቆሞ ውሃው ሲያልፍ አየ እንበል። ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ከተጓዘ እናንተ ጋ ለመድረስ 83 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ 50 ደቂቃ ብቻ። ከዚህ 50 ላይ እየቀነሱ ይሂዱ፦ ታዛቢው ኔትወርክ እስኪያገኝ 10፣ የተደወለለት ኃላፊ ሌላ ኃላፊ እስኪያማክር 20፣ ሳይረኑ እስኪነፋ 5፣ ሰው ነቅቶ «እውነት ነው ወይ?» እስኪባባል 10። የቀረው 5 ደቂቃ ነው። ከጠፋው 45 ደቂቃ ውስጥ ወንዙ የወሰደው አንድም የለም፤ የጠፋው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህም የማስጠንቀቂያ ሥራ ትልቁ ክፍል በደረቁ ወራት ተቀምጦ መስማማት ነው። ውሃው ላይኛው ድልድይ ምሰሶ ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ሲነካ ታዛቢው ማንንም ሳያስፈቅድ በቀጥታ ሳይረን ለሚነፉት ሰዎች ይደውላል፤ እነሱም ማንንም ሳያስፈቅዱ ይነፋሉ። ይህ ሥልጣን በቃል ብቻ መሰጠት የለበትም። ተጽፎ፣ የቀበሌው ማኅተም አርፎበት በእጃቸው መኖር አለበት፤ አለዚያ ሌሊት ላይ «ዝም ብዬ ብነፋ ነገ እጠየቃለሁ» የሚል ፍርሃት እጅን ይይዛል።

ማስጠንቀቂያው ሲደርስዎ ወንዙን ለማየት አይሂዱ። ከወንዙ ጋር ቁልቁል አይሩጡ፤ ውሃው ይቀድማል። ወደ ጎን፣ ከፍ ወዳለው ቦታ ይውጡ። ድልድይ ተሻግሮ ዘመድ ጋ መድረስም አይታሰብም፦ በከዚራ በኩል ያለ በከዚራ በኩል፣ በመጋላ በኩል ያለ በመጋላ በኩል ይወጣል። ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ቢገኝ እንኳ እያንዳንዱ በቆመበት ዳር ነው የሚወጣው፤ ይህን ለልጆች አሁን ይንገሯቸው።

ማንም ሳያስጠነቅቅ የሚመጣም አለ። ከሩቅ የሚያጉረመርም፣ ድንጋይ የሚንከባለልበት የሚመስል ድምፅ፤ ቀጭኑ ውሃ በድንገት መደፍረሱ፤ ቅርንጫፍና ቆሻሻ ተሸክሞ የሚመጣ የውሃ ግንባር፤ አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሳለ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከእነዚህ አንዱን ካስተዋሉ ዕቃ ለማውጣት አይመለሱ።

ጥያቄ፦ የቀበሌያችን የአደጋ መከላከል ኮሚቴ አባል ነኝ። አዋጥተን ሳይረን ገዝተን ጣሪያ ላይ ሰቀልን። ሞክረነው ቅርብ ያለው ሰው ጆሮውን ያዘ፤ ሁለት መንገድ ወዲያ ያሉት ግን «አልሰማንም» አሉ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ድምፁ ደከመ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው?
*ከድሬዳዋ*

መልስ፦ ሳይበላሽም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የድምፅ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ። ካርቶኑ ላይ «120 ዴሲቤል» የሚል ከሆነ ያ ቁጥር በአንድ ሜትር ርቀት የተለካ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ገላጣ ሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ128 ሜትር 78 ይሆናል፣ በ512 ሜትር 66። ግድግዳና የተዘጋ በር ሌላ 20 ያህል ይወስዳል፤ ቬንትሌተር ወይም ቴሌቪዥን በበራበት ቤት የቀረው ድምፅ ተውጦ ይቀራል። የተኛ ሰው ለመቀስቀስ ደግሞ ትራሱ አጠገብ 75 ዴሲቤል አካባቢ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን ሲደምሩና ሲቀንሱ አንድ ትንሽ ሳይረን በሩን ዘግቶ የተኛውን የሚቀሰቅሰው ጥቂት ቤት ድረስ ብቻ መሆኑን ያያሉ። ከቤት ውጭ ለነቃ ሰው ግን ብዙ መቶ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሳይረኑ የሚያነቃው የሰፈሩን ሁሉ ሰው ሳይሆን የሚያንኳኩትን ሰዎች ነው ብላችሁ አቅዱ። በየ10 ቤቱ አንድ ተረኛ ይኑር፤ ተረኛው ሳይረኑን ሲሰማ ወጥቶ በር ይደበድባል። ለዚያ ሥራ ፊሽካና የእጅ ባትሪ ይበቃዋል።

አሰቃቀሉም ለውጥ ያመጣል። ሆርኑ፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበት ቀንድ መሰል ክፍል፣ ከአካባቢው ጣሪያዎች በላይ ይውጣ፤ አፉ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ውሃ ሮቶ አይዙር። ሆርን ድምፁን ወደ ፊቱ ነው የሚገፋው፤ ከኋላው ያሉት የሚሰሙት ትርፍራፊውን ነው። ሁለት ካላችሁ አንዱን ወደ ወንዙ ላይኛው ሰፈር፣ ሌላውን ወደ ታችኛው አዙሩ።

የደከመው ድምፅ ምክንያት በብዛት ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ሽቦ ነው። ባለ 12 ቮልት ሳይረን 10 አምፔር ቢወስድና ባትሪው ከ20 ሜትር ርቀት ላይ በቀጭኑ፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢገናኝ መንገድ ላይ ብቻ ወደ 4.7 ቮልት ይጠፋል፤ ሳይረኑ ጋ የሚደርሰው ከ8 ቮልት በታች ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ሲቀየር የሚጠፋው 0.7 ቮልት ብቻ ይሆናል። ወይ ሽቦውን ወፍራም አድርጉ፣ ወይ ባትሪውን ከሳይረኑ ስር አምጡት።

ሁለተኛው የድሬዳዋ ሙቀት ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ይገባዎታል። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። በቮልት መለኪያ ሲለካ፣ ቻርጅ ከተነቀለ ጥቂት ሰዓት በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ማሳየት አለበት፤ 12.0 ካሳየ ብዙውን አፍስሷል። ወሳኙ ግን ሳይረኑ እየጮኸ ሳለ መለካት ነው፦ ባትሪው ላይ ከ11 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ይቀየር፤ ባትሪው ላይ 12 እያሳየ ሳይረኑ ጋ 8 ወይም 9 ካሳየ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

ሙከራው በወር አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ከ10 ሰከንድ ሳይበልጥ ይሁን፤ በአዛንና በቅዳሴ ሰዓት አይሁን። እውነተኛው ጥሪ ከሙከራው በግልጽ ይለይ፦ ለምሳሌ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይነፋል፣ ግማሽ ደቂቃ ያርፋል፣ ይህም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሳይረኑ ተነፍቶ ጎርፉ ካልመጣ ምክንያቱ በዚያው ዕለት ለሰፈሩ ይነገር። «ላይ ዘንቦ ነበር፣ ውሃው ቀይ መስመር ጋ ሳይደርስ ጎደለ» ማለት ውርደት የለበትም፤ ዝም ከተባለ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይነሳም።

መብራት በሌለበት የሚሠሩ ነገሮችንም አትናቁ። በእጅ የሚዞር ሳይረን አለ፤ የእድር ጥሩምባ ነፊ አለ፤ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ አለ። ለሞንታርቦው ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተገናኘ ባትሪ ካልተዘጋጀ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ከባድ ዝናብ ባለበት ሌሊት ደግሞ መብራት መጥፋቱ ያለ ነው። የእድር ጥሩምባ ለሞት የሚነፋበትን አነፋፍ ሰው ስለሚያውቀው ለጎርፍ የተለየ ይሁን። ቀጥሎ የሚነገረው ቃል አጭር ሆኖ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አስቀድሞ ይጻፍ፦ «ጎርፍ እየመጣ ነው። ከወንዝ ዳር አሁኑኑ ውጡ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ድልድይ አትሻገሩ።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ስለ አደጋው በስልክ የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ፤ ግን ጠዋት ነው ያየሁት። ስልክ ይበቃል ብላችሁ ታምናላችሁ?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። የጽሑፍ መልእክት ለእያንዳንዱ ቁጥር በየተራ ስለሚላክ ብዙ ሺህ ሰው ጋ ለመድረስ ወረፋ አለው። ከኔትወርክ ማማው ላይ በአካባቢው ላሉት ስልኮች ሁሉ በአንዴ የሚለቀቀው ዓይነት መልእክት ይህ ወረፋ የለበትም፤ እሱም ቢሆን ግን የጠፋ ስልክ አይቀሰቅስም። ሌሊት ድምፁ የተዘጋ ስልክም ላይጮኽ ይችላል።

በሰፈር ደረጃ ሊሠራ የሚችለው የመደዋወያ ሰንሰለት ነው። አንድ ሰው ለ3 ይደውላል፣ እያንዳንዳቸው ለሌላ 3፣ እነዚያም እንዲሁ። በሦስት ዙር 39 ቤት ይደርሳል፤ አንዱ ዙር 3 ደቂቃ ቢወስድ በ9 ደቂቃ ያልቃል። የሚበላሸው አንዱ ሳያነሳ ሲቀር ነው፤ ያኔ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ደዋዩ ያላነሳውን ሰው ዘልሎ የእሱን ሦስት ሰዎች ራሱ እንዲደውልላቸው ሙሉው ዝርዝር በሁሉም እጅ በወረቀት ይኑር። ንግግሩ ከ20 ሰከንድ አይለፍ። ሒሳብ ለሌለው ሰውም መላ አለው፦ በተከታታይ ሁለት ሚስድ ኮል ማለት «ውጡ» ማለት ነው ብላችሁ ተስማሙ። ማታ ስልኩ ድምፁን ሲዘጋ እነዚያ ቁጥሮች ብቻ እንዲጮሁ ማድረግ ይቻላል፤ ልጆቹ ያስተካክሉልዎታል።

በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞር የጎርፍ ቪዲዮ ካዩ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳያረጋግጡ አያስተላልፉ። የዛሬ ስንት ዓመቱ ቪዲዮ በየክረምቱ እንደ አዲስ ይመለሳል። ለአየር ትንበያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ይከታተሉ፤ የከተማውን ኤፍ ኤም የሚይዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮም ቤት ይኑር። ድንጋዩን ሬዲዮው ውስጥ አያቆዩት፤ በሙቀት ፈሶ ሬዲዮውን ይበላዋል። በፌስታል አስረው ከጎኑ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የ78 ዓመት እናቴ መራመድ አይችሉም፤ ስኳርም አለባቸው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ባለቤቴ ለሥራ ሌላ አገር ነው። ምን አዘጋጅቼ ልጠብቅ?
*እናት፣ ከድሬዳዋ*

መልስ፦ ከቦርሳው በፊት ሰው ያዘጋጁ። እናትዎን የሚያወጡ ሁለት ጎረቤቶች በስም ይታወቁ፤ ከሁለቱ አንዱ ከተማ ባይኖር የሚተካ ሦስተኛም ይኑር። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጦ በነጠላ ወይም በገመድ ወገባቸውን ወደ መደገፊያው ማሰርና ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ መውጣት በጀርባ ከማዘል ይሻላል፤ ጠባብ በርና ደረጃ ላይም ይሠራል። አንድ ቀን በቀን ብርሃን ይሞክሩት፤ ወንበሩ በበሩ ይወጣ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። በዝናብ ወራት እናትዎ ለውጭው በር ቅርብ የሆነው ክፍል ውስጥ ቢተኙ መልካም ነው።

ቦርሳው ከ8 ኪሎ አይለፍ፤ ልጅ አቅፈው ነው የሚያነሱት። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታና የባንክ ደብተር ኮፒያቸው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይግባ። የእናትዎ መድኃኒት የ7 ቀን፣ የሐኪም ወረቀታቸው፣ የእጅ ባትሪ ከትርፍ ድንጋይ ጋር፣ ፊሽካ፣ ለመንገድ የሚሆን ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ዝርዝር ብር፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ። ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ፦ 991 ፖሊስ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ የቀበሌው ተረኛ፣ ሁለት ዘመድ። በትናንሾቹ ልጆች ልብስ ውስጥ ስማቸውና የእርስዎ ስልክ የተጻፈበት ጨርቅ ይሰፋ።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ የድሬዳዋ ቀን ግን ከዚያ ያልፋል። ፍሪጅ ሲቋረጥ ትንሽ ሸክላ ማሰሮ ሌላ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መክደን ያቀዘቅዛል። ብልቃጡ በደረቅ ፌስታል ይግባ፤ በረዶ ግን በቀጥታ አይንካው፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ተመልሶ አይሠራም።

ለመውጣት ጊዜ ካለ ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር ይዝጉና የጋዝ ሲሊንደሩን ቫልቭ ይቆልፉ። ውሃ ቤት ከገባ በኋላ ግን ቆጣሪውን አይንኩ፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ማጥፋት ራሱ ይገድላል። ሲመለሱም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው ምጣዱንም ፍሪጁንም አይሰኩ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ውሃው ጉልበት ሳይደርስ መሻገር ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?
*ከቀፊራ*

መልስ፦ አይቻልም። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የቆመ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሸራትታል፤ ባጃጅ ደግሞ ከመኪና በጣም ይቀላል። የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የደፈረሰ ውሃ ሥር መንገዱ ተቆርሶ እንደሆነም አይታይዎትም። ሞተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ ወርዶ መግፋትም አይቻልም፤ ዳር ቆመው ይጠብቁ። በዝናብ ወራት ደረቁ አሸዋ ላይም አያቁሙ፣ እዚያው ውስጥ አይጠቡ። አሸዋ የሚያወጡና ዕቃ የዘረጉ ሰዎች ካዩ ደቡቡ ሲጠቁር ጥሩምባዎን ይንፉላቸው።

ጥያቄ፦ ወንዙ ዳር ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ሳጥን የታጨቀ የድንጋይ ግድግዳ፣ ተሠርቷል። ከእንግዲህ መፍራት አለብን?
*ከመጋላ*

መልስ፦ ጋቢዮን ብዙ ጎርፍ ያስቆማል፤ ሁሉንም አያስቆምም። የሚወድቀው በሦስት መንገድ ነው። ውሃው ከላዩ ያልፋል፤ ወይም ከሥሩ አሸዋውን ጠርጎ መሠረቱን ባዶ ያደርገዋል፤ ወይም ሽቦው ዝጎ ይበጠስና ድንጋዩ ይፈሳል። ሁለተኛውን የሚያፋጥነው ከግድግዳው እግር ሥር አሸዋ ማውጣት ነው፤ ይህን ሲሠሩ ያያችሁትን ከግድግዳው አርቁ። የመጀመሪያውን የሚያፋጥነው ደግሞ ወንዙ ውስጥ የሚጣል ፍርስራሽና ቆሻሻ ነው፤ የወንዙ ወለል በአንድ ሜትር ከተሞላ ግድግዳው በአንድ ሜትር አጠረ ማለት ነው። ከሰኔ በፊት ዞራችሁ የተበጠሰ ሽቦ፣ ያጋደለ ሳጥን፣ ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን ጽፋችሁ ለቀበሌው በደብዳቤ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንም ያዙ። ግድግዳ አለ ብሎ ከመውጣት የቀረ ሰው ግን ግድግዳ ከሌለው ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከጎርፍ በኋላ የቧንቧው ውሃ ደፍርሶ ይመጣል። በረኪና ጨምሩ ሲሉን ሰማን። ስንት?
*ከአዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ መጠኑ በበረኪናው ጥንካሬ ይወሰናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ያንብቡ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶም ቀለምም ያልተጨመረበት ከሆነ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል። ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ መለካት ከመቁጠር ይቀላል። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ ይረፍ፣ በንጹሕ ነጠላ ታጥፎ ይጠለል፣ ከዚያ መጠኑ እጥፍ ይሁን፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር። አነቃንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሲያሸቱት ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ደግመው ሌላ 15 ደቂቃ ይጠብቁ።

ጥንካሬው ያልተጻፈበትን፣ በየመንገዱ ከትልቅ በርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን በረኪና ለመጠጥ አይጠቀሙ። የተከፈተ በረኪና በድሬዳዋ ሙቀት በወራት ውስጥ ይደክማል፤ ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆነውን አዲስ ይግዙና ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ካገኙ ጥንካሬው ሌላ ስለሆነ የበረኪናውን ሒሳብ ትተው በጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያ ይከተሉ። ማፍላት ከቻሉ ደግሞ ውሃው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ለድሬዳዋም ለሐረርም ይበቃል። ናፍጣ ወይም የጋራዥ ዘይት የሸተተ ውሃን ግን ማፍላትም ክሎሪንም አያድነውም፤ ይደፋ።

ለአምስት ሰው ቤተሰብ በቀን 4 ሊትር በነፍስ ወከፍ ተብሎ ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ። አፉ ክፍት የሆነ በርሜል የወባና የቺኩንጉንያ ትንኝ መራቢያ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ያመሰው ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ በምትወድ ትንኝ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በርሜሉን ደፍቶ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል፤ እንቁላሉ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ውሃውን መቀየር ብቻ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ጎርፉ አያሳስበንም፤ እሳት ግን ያስፈራናል። የእሳት አደጋ መኪና መንገዳችን ውስጥ አይገባም። ምን እናድርግ?
*ከፈረስ መጋላ አካባቢ*

መልስ፦ መኪናው እስከ ፈረስ መጋላ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የቱቦ ነው። አንድ የእሳት ቱቦ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 25 ሜትር ነው። ከመኪናው እስከ ቤታችሁ 200 ሜትር ከሆነ 8 ወይም 10 ቱቦ ይቀጠላል፤ በእያንዳንዱ ቅጥያና መታጠፊያ ግፊት ይቀንሳል፣ ጊዜም ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

በእያንዳንዱ መንገድ መግቢያ ባለ 6 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይኑር፤ አንዱን አፎሻው ወይም እድሩ ገዝቶ ቁልፉ በሁለት ቤት ይቀመጥ። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን በወር አንዴ ይዩ። ዱቄቱ ታች ይጋገራልና በየሦስት ወሩ ገልብጠው ይነቅንቁት። ሲጠቀሙ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀው፣ መውጫውን ከጀርባዎ አድርገው ወደ እሳቱ ሥር ይርጩ፤ ነበልባሉ ላይ መርጨት ማባከን ነው። ሙሉው በ20 ሰከንድ ገደማ ስለሚያልቅ አንዱ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ ይውጡ። ለዘይት እሳት ውሃ አይድፉ፤ ክዳን ወይም እርጥብ ወፍራም ጨርቅ ይጫኑበት። ለኤሌክትሪክ እሳት መጀመሪያ ብሬከር ይዘጋል። ከሰል፣ ጋዝና ቤንዚን ከመኝታ ክፍልና ከደረጃ ሥር ይውጡ።

ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ከቧንቧ ተስፋ አይደረግም። ሮቶ ያላቸው ቤቶች በዝርዝር ይታወቁ፤ ከታችኛው ቧንቧቸው ላይ ባልዲ የሚቀዳበት መንገድ ክፍት ይሁን። ባልዲ ቅብብሎሽ ሁለት ሰልፍ ይፈልጋል፦ አንዱ ሙሉውን ያመጣል፣ ሌላው ባዶውን ይመልሳል። በአንድ ሰልፍ ሲሞከር መሐል ላይ ይጨናነቃል።

ስልክ የሚደውለው ሰው የመንገዱን ስም ብቻ አይናገር፤ የትኛው በር እንደሚቀርብ ይናገር፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር ወይም ፈላና በር። የከተማውን እሳት አደጋ ስልክ አሁኑኑ ጠይቃችሁ በየበሩ ጀርባ ለጥፉት። ከደወላችሁ በኋላ ሁለት ወጣቶች ወደዚያ በር ይሩጡ፤ አንዱ መኪናውን ይምራ፣ ሌላው መንገዱን የዘጋ ባጃጅና የገበያ ዕቃ ያስነሳ። ቱቦው የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድማችሁ በገመድ ለኩ፤ ርዝመቱን በሜትር ጽፋችሁ ለእሳት አደጋ ጣቢያው ስጡ፤ ሠራተኞቹ ስንት ቱቦ ይዘው እንደሚሮጡ ከመኪና ሳይወርዱ ያውቃሉ።